በቤት ውስጥ ሕመምተኛን ለማስታመም ስለሚጠቅሙ ዕቃዎች

ከቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ በር ቆሞ ከውጭ አገር የሚገባውን መንገደኛ ጓዝ የሚመለከት ሰው፥ ከልብስና ከሽቶ ለልጆችም ከሚመጣው መጫወቻ ጋራ ሌላ ዓይነት ዕቃ ተጭኖ ሲወጣ ያያል። ይኸውም የታጠፈ ተሽከርካሪ ወንበር፥ የደም ግፊት መለኪያ፥ ለአዋቂ ሰው የተሠራ ዳይፐር ወይም በነፋስ የሚሞላ ፍራሽ ነው። ላኪው በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ልጅ ሲሆን፥ ተቀባዮቹ በገርጂ ወይም በሲ ኤም ሲ በአልጋ ላይ የዋሉ እናት ወይም አባት ናቸው። ልጅ በሩቅ አገር ሁኖ ወላጁን በክንዱ ደግፎ ለማንሣት ባይችል፥ ክንዱን የሚተካ ዕቃ ይልካል።

ይህ የሚመሰገን ነገር ነው። ነገር ግን እንዲህ በፍቅርና በብዙ ገንዘብ ከመጣው ዕቃ ውስጥ አንዳንዱ ሁለት ቀን ሳይሠራበት በመኝታ ቤት ጥግ አቧራ ለብሶ ይቀራል። ዕቃው ክፉ ሁኖ አይደለም፤ ከቤቱ፥ ከኤሌክትሪኩ፥ ከደረጃውና ከአስታማሚው ጉልበት ጋራ መስማማቱ አስቀድሞ ስላልታየ ነው። በዚያው ቤት ግን ከሣጥን ውስጥ ወይም ከሠፈሩ ብረት በያጅ ዘንድ በቀላሉ ሊገኝ የሚችል ነገር ስለ ጎደለ ሕመምተኛው ይቈስላል፥ ይወድቃል፤ አስታማሚውም ወገቡን ይታመማል። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ዕቃ ከመግዛታቸው ወይም ከባሕር ማዶ ከማዘዛቸው በፊት ሊያስቡበት የሚገባውን ነገር በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ለመጻፍ ወደድን።

ማስታመም የሠራተኛ ሥራ ነው ብሎ ከሕመምተኛው ክፍል የሚርቅ ባለቤት እንዳለ እናውቃለን። እንዲህ ላለው ሰው ልዕልት ፀሐይን ማስታወስ ይበቃል። በስደት ዘመን በለንደን ከተማ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የነርስነትን ትምህርት ተምረው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈሩበትን ሥራ እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በመጀመሪያ ስለ አልጋ እንናገራለን፤ የብዙው መከራ መነሻ እርሱ ነውና። በስትሮክ ወይም በአጥንት መሰበር ምክንያት ራሱን ችሎ ለመገላበጥ የማይችል ሰው፥ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በአንድ ወገን ያርፋል። አጥንት ለቆዳ በሚቀርብበት ስፍራ፥ ይኸውም ከወገብ በታች፥ በዳሌ፥ በትከሻና በተረከዝ ላይ፥ ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ተጨንቆ ደም ይከለከላል፤ ደም ያጣ ሥጋም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአልጋ ቍስል የሚባለው ይህ ነው። ከላይ ሲያዩት ሳንቲም የሚያህል ሁኖ በውስጡ እስከ አጥንት የዘለቀ ሊሆን ይችላል፤ ሲመረቅዝም ወደ ደም ገብቶ ሰው ይገድላል። በአውሮፓውያን መጻሕፍት የቍስሉ ምልክት የቆዳ መቅላት ነው ተብሎ ይጻፋል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት በግልጥ አይታይም። ስለዚህ አስታማሚው በየቀኑ ገላ ሲያጥብ በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ፥ ቦታው ከሌላው ይልቅ መሞቁን፥ መጠንከሩን ወይም ማበጡን መመርመር አለበት።

ለዚህ ዋናው መድኃኒት በሱቅ አይሸጥም፤ ሕመምተኛውን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ መገልበጥ ነው። ሲገለበጥም ጨርሶ በጎኑ ሳይሆን፥ ጀርባው በትራስ ተደግፎ ጥቂት ዘንበል ብሎ ይተኛ። ከባቱ በታች ሌላ ትራስ ቢደረግ ተረከዙ ፍራሹን ሳይነካ ይንሳፈፋል። ትራስ በየቤቱ ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁሉም ከራስጌ ተደርድሮ ከእግር በታች አንድ እንኳ አይገኝም። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠውን መኻሉ ክፍት የሆነ ክብ የጎማ መቀመጫ ሰው ለቍስል ይጠቅማል ብሎ ይገዛዋል፤ እርሱ ግን ክብደቱን በዙሪያው ስለሚሰበስበው ደሙን የባሰ ስለሚያግድ ሐኪሞች ይከለክሉታል። የደነደነውን ቦታ ማሸትና ቅቤ መቀባትም እንዲሁ ይቅር።

ስለ አጎዛ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። አያቶቻችን ሽማግሌን በአጎዛ ላይ ያስተኙ ነበር፤ እኛም አልጋና ስፖንጅ ስናገኝ እንደ ድሮ ሰው ዕቃ ቈጥረን ተውነው። በአውስትራሊያ አገር ሐኪሞች በሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፥ እኩሌቶቹን በበግ አጎዛ ላይ እኩሌቶቹን በተለመደው አልጋ ላይ አስተኝተው መረመሩ። በ2000 እና በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ውጤት በአጎዛ ላይ የተኙት የአልጋ ቍስል ያነሰባቸው መሆኑን ገለጠ። ምክንያቱም ወፍራሙ ጠጕር ክብደቱን ከፋፍሎ ይይዛል፥ ላብንም ይመጥጣል። የእኛም አገር አጎዛ ሁሉ አንድ አይደለም። የቈላ በግ ጠጕር አጭርና ስስ ስለ ሆነ ለዚህ አይረባም፤ የመንዝ በግ አጎዛ ግን ጠጕሩ የረዘመና የጠቀጠቀ ነው። ቆዳው በሚገባ ለፍቶ የለሰለሰ፥ መታጠፊያ ምልክትና ቅማል የሌለበት ይሁን። በላዩም ከአንድ ስስ አንሶላ በቀር አይነጠፍ፤ ብርድ ልብስ ከተነጠፈበት ጥቅሙ ይጠፋል። ሽንት ለማይቈጣጠር ሰው ግን አጎዛ አይሆንም፤ ቶሎ አይታጠብምና።

በነፋስ የሚሞላው ፍራሽ፥ ጕድጓዶቹ በተራ እየተነፉና እየተነፈሱ የሰውነትን ክብደት ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውር መልካም ብልሐት ነው። ነገር ግን ይህን የሚያህል ዕቃ ከአሜሪካ የሚያዝዝ ሰው አስቀድሞ ስለ ኤሌክትሪክ ይጠይቅ። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን 220 ነው። በፍቅር የተላከ መንፊያ በመጣበት ሌሊት ተሰክቶ በደቂቃ ውስጥ ተቃጥሎ ያገኘነው ብዙ ነው። በመሣሪያው ጀርባ ባለው ጽሕፈት ከ100 እስከ 240 የሚል ከተጻፈበት ለሁለቱም አገር ይሆናል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ኀይሉን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይገዛ አይሰካ። መብራት በጠፋ ጊዜም ፍራሹ ቀስ በቀስ ስለሚሟሽሽ፥ ሕመምተኛው በአልጋው ርብራብ ላይ እንዳይቀር ከሥሩ ደኅና ስፖንጅ መኖሩ ግድ ነው። ይህ ፍራሽ አለና መገልበጥ ቀርቷል የሚል ሰውም ተሳስቷል።

ከአልጋ ቀጥሎ የሚመጣው ማንሣትና ማንቀሳቀስ ነው። ብዙ ሴት ልጆችና የቤት ሠራተኞች ሕመምተኛውን በብብቱ ይዘው ሲጐትቱ ይታያሉ፤ ይህ የታመመውን ትከሻ ያወልቃል፥ የጐታቹንም ወገብ ይሰብራል። በሆስፒታል የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ጠንካራ አንሶላ ለሁለት ታጥፎ ከትከሻ እስከ ዳሌ ድረስ ከሕመምተኛው በታች ይነጠፋል፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው ጫፉን ጠቅልለው ይዘው ወደ ላይ ያንሸራትቱታል። ዋጋው አንድ አንሶላ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር የሚሸጋገር ሰውን ለመደገፍ ደግሞ በወገብ የሚታጠቅ፥ ማያያዣና የእጅ መያዣ ያለው ሰፊ ቀበቶ አለ። የእናቶቻችንን መቀነት ይመስላል፤ መቀነት ግን ቋጠሮው ስለሚላላ በቦታው ባይተካ ይሻላል። አልጋውም ዝቅ ያለ እንደ ሆነ እግሮቹ በእንጨት ኩብ ከፍ ይበሉ፤ አስታማሚ ቀኑን ሙሉ አጐንብሶ ሊሠራ አይችልምና። ሕመምተኛው ብቻውን ለመውረድ የሚሞክር ከሆነ ግን ከፍታው ለውድቀት ስለሚያጋልጠው ልኩን ሁለቱን አመዛዝኖ መወሰን ይገባል።

ተሽከርካሪ ወንበርን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። በመኪና ውስጥ ታጥፎ የሚገባው ዓይነት በ1930ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ አገር በኤቨረስትና በጄኒንግስ የተሠራ ነው፤ ኤቨረስት ራሱ በማዕድን ጕድጓድ በደረሰበት አደጋ እግሮቹ የሰነፉ ሰው ነበር። ስለ ወንበሩ ማሳሰቢያችን አጭር ነው፤ መቀመጫው ለሰውዬው ልክ ይሁን፥ የእግር ማሳረፊያና ፍሬን ይኑረው፥ በመቀመጫውም ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይደረግበት። ትልቁ ችግር ግን ወንበሩ አይደለም፥ ደረጃው ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ በአዲስ አበባ ሲጀመር ቦሌ ገርጂ ከመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሰሚትና በአያት በኩል ብዙ ሕንፃ ተሠርቷል። ባለ አራት ፎቅ ከሆኑት አብዛኞቹ ሊፍት የላቸውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር፤ በአራተኛ ፎቅ ያሉት አባት ግን ፀሐይ ለመሞቅ እንኳ አራት ጐልማሶች ይጠብቃሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ተሽከርካሪ ወንበር ከመላክ ይልቅ ምድር ቤት ካለ ሰው ጋራ በኪራይ መለዋወጥ የሚበልጥ ዕርዳታ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር በመስኮት አጠገብ ይዘጋጅ።

አሁን ሰው ሊናገረው ወደሚያፍረው ነገር ደረስን። ሽንቱን መቈጣጠር ያቃተው ሰው ሕመሙ ከሚያስጨንቀው ይልቅ ኀፍረቱ ያስጨንቀዋል፤ ልጁ ወይም ምራቱ እንዳያዩት ብሎ ውኃ መጠጣት ይተዋል፤ በዚህም ሌላ በሽታ ይጨምራል። በምሥራቅ አዲስ አበባ በአያት አካባቢ የሚገኘው፥ ቢኒያም በለጠ በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ፥ ከሕዝብ ከሚለገሱት ዕቃዎች አንዱ የአዋቂ ዳይፐር ነው። ይህን ቃል በአደባባይ ሳያፍሩ መናገራቸው በየቤቱ ለተደበቀው ችግር መልካም አደረገ ብለን እናምናለን። ዳይፐር የሚገዛ ሰው የወገቡን ልክ ይለካ፤ ትልቁ ይበልጣል ሲባል ሰፊ ገዝቶ ከጎኑ የሚያፈስ ብዙ ነው። ሲርስም ወዲያው ይለወጥ፤ ገላውም በለብ ያለ ውኃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ይድረቅ። ከአንሶላው በታች ላስቲክ፥ ከላስቲኩ በላይ ሊታጠብ የሚችል ውፍረት ያለው ጨርቅ ቢደረግ ፍራሹ ይድናል።

ነገር ግን መቀመጥ ለሚችል ሰው ዳይፐር ማልበስ አይገባም፤ ልማዱን ያጠፋበታልና። ለእርሱ የሚሻለው መቀመጫው የተቀደደ፥ ከሥሩ ባልዲ የሚገባበት ወንበር ነው። በመድኃኒት ዕቃ መደብር የተሠራው ይገኛል፤ ሆኖም ልኩን ይዞ ለሠፈሩ ብረት በያጅ የሄደ ሰው በአንድ ቀን ያሠራዋል። ባልዲው ሲወጣም በመሬት ላይ በተቀደደው መጸዳጃ ቤት ላይ ሊቆም ይችላል፤ ጉልበታቸው ለማጐንበስ እምቢ ላላቸው ሽማግሌዎች ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። ያው ብረት በያጅ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ይተክል፤ በብሎኬቱ ውስጥ በሚገባ ይሰር፥ በሰድላ ላይ ብቻ የተጣበቀ መያዣ ከሰውዬው ጋራ አብሮ ይወድቃልና።

ስለ መለኪያዎች ደግሞ ጥቂት እንበል። የደም ግፊት መለኪያ በክንድ የሚታሰረው በእጅ አንጓ ከሚታሰረው ይልቅ ይታመናል። የሚለካው ሰው አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ ተቀምጦ፥ እግሮቹ መሬት ረግጠው፥ ክንዱ ራቁቱን ሁኖ በልብ ትክክል ማረፍ አለበት፤ በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ ታስሮ የተገኘ ቁጥር ከንቱ ነው። የስኳር መለኪያ የሚልክ ልጅ መሣሪያውን ብቻ አይላክ፤ የደሙ ወረቀት የዚያው ፋብሪካ ካልሆነ አይሠራም። ከካናዳና ከእንግሊዝ የሚመጣው መሣሪያም የሚያሳየው ቁጥር በሌላ መስፈሪያ ስለ ሆነ፥ ሐኪሞቻችን ከለመዱት ጋራ ለማስተካከል በ18 ይባዛል። ይህን የማያውቅ አስታማሚ 10 የሚል ቁጥር አይቶ ስኳር ወርዷል ብሎ ማር ቢያጠጣ ጕዳቱ ግልጥ ነው፤ ቁጥሩ 180 ማለት ነውና።

በጣት የሚሰካው የኦክሲጅን መለኪያ በከተማችን የታወቀው ይልቁንም በኮሮና ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮቶቤው ኤካ ሆስፒታል ለበሽታው የተለየ ሲሆን፥ በቦሌ ያለው የሚሌኒየም አዳራሽም አልጋ ገብቶበት መታከሚያ ሆነ፤ የበረታ ሕመም የሌለበት ግን በየቤቱ ይታመም ነበር። ይህ መሣሪያ መልካም ቢሆንም፥ በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በሚሽገን ሐኪሞች የተደረገው ምርመራ፥ የኦክሲጅንን ማነስ በጥቁሮች ላይ ሳያይ የሚያልፈው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጧል። ስለዚህ ቁጥሩ ደኅና ሁኖ ሕመምተኛው የሚያለከልክ፥ ከንፈሩም የሚጠቍር ከሆነ፥ መሣሪያውን ትቶ ሰውዬውን ማመን ይገባል። የጥፍር ቀለምም አስቀድሞ ይልቀቅ።

ኦክሲጅን ከነፋስ ለይቶ የሚሰጠው መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ስለማይሠራ የተሞላ ሲሊንደር በተጠባባቂነት ይቀመጥ። ከዚህ የሚበልጥ አደጋ ግን አለ። ሕመምተኛ ለመጠየቅ ሰው ሲመጣ ቡና ይፈላል፥ ከሰል ይቀጣጠላል፥ ዕጣን ይጤሳል፤ የጸሎት ጧፍም በራስጌ ይበራል። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን ሌላውን ነገር ሁሉ በብርቱ ያነድዳል። ኦክሲጅን በሚሰጥበት ክፍል እሳት ከቶ አይግባ። ጠያቂዎች በሳሎን ቡናቸውን ይጠጡ፤ ጭሱም ለታመመ ሳንባ አይበጅም።

ስትሮክ የመታው ሰው ሲበላና ሲጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል፤ ከሁሉ የሚያስቸግረውም ቀጭኑ ውኃ ነው። ወፈር ያለ አጥሚት ከውኃ ይልቅ በቀስታ ስለሚወርድ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ልኩን ግን ሐኪም ይመርምር። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በትንሽ ማንኪያ ይጉረስ፥ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ። ለመድኃኒቱ የሰባቱ ቀን ክፍል ያለበት ትንሽ ሣጥን እጅግ ይጠቅማል። ከውጭ ያለ ልጅ የመድኃኒት ሰዓት ሲጽፍ ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ይግለጥ፤ ለእርሱ 8 ሰዓት ጧት ለእኛ 2 ሰዓት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ወረቀቱን እንዳነበበችው በ8 ሰዓት፥ ማለትም ከቀትር በኋላ ብትሰጥ ጥፋቱ የእርስዋ አይደለም።

ሕመሙ የማይድን በሆነ ጊዜ በቤት ገብቶ የሚረዳ ሰው አለ። ከ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በአዲስ አበባ ነርሶችን ወደ ሕመምተኞች ቤት እየላከ ሥቃይን የማስታገስ ሥራ ሲሠራ ቈይቷል። ዕቃ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ሕመምተኛው በሥቃይ የሚያድር ከሆነ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን እንዲህ ያለ ዕውቀት ነው።

በመጨረሻ ለዕድር ዳኞችና ለባለሥልጣኖቻችን የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለን። ሕመምተኛው ሲድን ወይም ሲያርፍ ወንበሩ፥ ፍራሹና መያዣው በቤቱ ይቀራል፤ በሁለተኛው በር ያለው ጎረቤት ግን ያንኑ ዕቃ በብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ዕድራችን ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ገዝቶ በግምጃ ቤት ያስቀምጣል፤ ይህ ሁሉ ለሐዘን ቀን ነው። በሕይወት ላለው አባልም እንዲሁ ሊያስቀምጥ ይችላል። በኤች አይ ቪ ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች በቤት የተኙትን አባሎቻቸውን በማስታመም ስለ ተካፈሉ ነገሩ ለእነርሱ አዲስ አይደለም። ለመጀመሪያ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፥ ሁለት የመጸዳጃ ወንበር፥ አንድ የነፋስ ፍራሽና ሁለት ምርኵዝ ይበቃል። ዕቃው ሲመለስ በውኃ በተበረዘ በረኪና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ የወሰደውና የመለሰው ሰው ስም፥ የወሰደበትም ቀን በመዝገብ ይጻፍ። የግምጃ ቤቱም ቁልፍ ሌሊት የሚገኝ ሰው ዘንድ ይሁን፤ ሰው ከሆስፒታል የሚወጣው ዕድር በሚሰበሰብበት እሑድ ብቻ አይደለምና።